የሰባት ቁጥር ብልሽት

ሊፍቱ ከተበላሸ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። «በቅርቡ ይጠገናል» የሚል ወረቀት በሩ ላይ ተለጥፎ፣ ወረቀቱ ራሱ አርጅቶ ሁለት ጊዜ ተለውጧል። ስለዚህ እትዬ ሰሌዳ በየማለዳው ስልሳ አራት ደረጃ በእግሯ ትወጣለች። ስልሳ አራት መሆኑን ቆጥራ አታውቅም፤ ሌሎች ሲሉ ነው የሰማችው፤ ጉልበቷ ግን አንዷም ደረጃ አታመልጠውም። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስትደርስ ቆም ትልና በመስኮቱ ወደ ውጭ ትመለከታለች። ደክሟት ሳይሆን የምታየው ነገር አግኝታ የቆመች ለመምሰል ነው። ለማን እንደምታስመስል እንጃ፤ በዚያ ሰዓት ሕንፃው ውስጥ ከእሷና ከዘበኛው በቀር ሰው የለም።

አራተኛው ፎቅ ላይ ያለው ክፍል ለማያውቀው ሰው የብረት መደርደሪያና የማያቋርጥ ጩኸት ነው። ሃያ አራት ኮምፒውተሮች በሽቦ ተያይዘው እንደ አንድ ትልቅ ኮምፒውተር ይሠራሉ። የተማሩት «ክላስተር» ይሉታል፣ የቀረው ሰው «ማሽኖቹ» ብሎ ይገላገላል። ከዩኒቨርሲቲው የውሃ ጥናቱም፣ የሰብሉም፣ የመድኃኒቱም፣ የመንገዱም ክፍል ከባድ ስሌት ሲገጥመው ወደዚህ ይልካል። ማሽኖቹ የጋራ ናቸው። የጋራ ነገር ደግሞ ጠባዩ የታወቀ ነው፤ ሁሉም ይፈልገዋል፣ አቧራውን የሚጠርግለት ግን የለም።

አቧራውን የምትጠርገው እሷ ናት። ጠርጋ ስትጨርስ ከበሩ አጠገብ ካለው አሮጌ ስክሪን ፊት ትቀመጥና አንዲት አጭር ትእዛዝ ትጽፋለች። ስክሪኑ ማሽኖቹን ከአንድ እስከ ሃያ አራት ይዘረዝርላታል፤ ይሄ በሥራ ላይ ነው፣ ይሄ ነጻ ነው፣ ይሄ ብልሽት ነው። ቀጥላ ወረፋውን ታያለች፤ ማን ስንት ማሽን ጠይቆ ተራውን እየጠበቀ እንደሆነ። ያንን ሁሉ በቁራጭ ወረቀት ገልብጣ ደረጃውን ትወርድና ምድር ቤት ኮሪደሩ ላይ በተሰቀለው ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ትጽፈዋለች። ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ነው። ወላጆቿ ያወጡላትን ስም ዛሬ የሚያውቀው የሠራተኛ አስተዳደር ፋይል ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

እርግጥ ነው፣ አሁን ማንም ሰው ከወንበሩ ሳይነሳ ያቺኑ ትእዛዝ ጽፎ ማየት ይችላል። ይችላል እንጂ አያደርገውም። ሁሉም ጠዋት ሲገባ መጀመሪያ የሚቆመው ሰሌዳው ፊት ነው። ከሰሌዳው ስር አሮጌ ፕሪንተር አለ፣ ከፕሪንተሩ ጎን የዘበኛው ወንበር አለ፣ ከወንበሩ ስር የዘበኛው የሻይ ፔርሙዝ አለ። ፕሮፌሰሩም ተማሪውም እዚያ ቆሞ ነጻ ማሽን መኖር አለመኖሩን ያነባል፣ ሻይ ይለምናል፣ የሰው ነገር ያወራል። ይህን ልማድ ያመጣው ሊቀ ወረፋ ነው።

ሊቀ ወረፋን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ከሲታ፣ ቀልደኛ፣ ሸሚዙን ሁልጊዜ አንድ ቁልፍ አሳስቶ የሚቆልፍ ሰው ነበር። ከሃያ ስምንት ዓመት በፊት ቢሮዎቹ የጣሏቸውን ኮምፒውተሮች ከየመጋዘኑ ለቅሞ፣ የአንዱን ሆድ ለሌላው አውጥቶ፣ ስምንት ማሽን አቆመ። ክላስተሩ በዚያ ተጀመረ። ያኔ ወረፋውን የሚያስተካክል ፕሮግራም አልነበራቸውም፤ የነበራቸው ሰሌዳው ብቻ ነው። ማሽን የፈለገ ሰው ወርዶ ስሙን፣ ስንት ማሽን እንደሚወስድና እስከ መቼ እንደሚይዝ በገዛ እጁ ይጽፋል። ሕጉ ይኸው ነው። ሊቀ ወረፋ ሲጠየቅ «የእኛ ማሽን በኤሌክትሪክና በይሉኝታ ነው የሚሠራው» ይል ነበር።

እውነቱን ነው። አንድ ጊዜ የመንገድ ክፍሉ አስተማሪ ከስምንቱ ሰባቱን «እስከ ወሩ መጨረሻ» ብሎ ጻፈ። ማንም ምንም አላለውም። በማግስቱ ጠዋት ግን ሰሌዳው ፊት የቆመ ሰው ሁሉ ጽሑፉን አንብቦ፣ እሱን አይቶ፣ «እንዴት አደርክ» ይለዋል። በሦስተኛው ቀን አስተማሪው ሰው ሳያየው ወርዶ ሰባቱን አጥፍቶ ሁለት ጻፈ። ሊቀ ወረፋ ይህን ታሪክ ሲያወራ እስኪያስለው ይስቅ ነበር።

እሷ በዚያ ዘመን ታይፒስት ሆና ነበር የተቀጠረችው። የሰው ወረቀት እየመታች ጡረታ ትወጣለች ተብሎ ሲታሰብ፣ ሊቀ ወረፋ አንድ ቀን የሽቦ ጥቅል አስይዟት አራተኛ ፎቅ አወጣትና እዚያው አስቀራት። «እታለም» ይላታል፣ «ጋሼ» ትለዋለች። «አንተ» ለማለት ሁለት ዓመት ፈጅቶባታል። ትእዛዞቹን አንድ በአንድ ያስተማራት፣ ስትሳሳት የማይቆጣ፣ ሳትሳሳት ግን የሚያሾፍባት እሱ ነው። ሰዎች ብዙ ነገር አሙ፤ የሚያሙት ነገር አልነበረም፤ ነገር ግን ሁለቱ ሙሉ ቀን አንድ ክፍል ውስጥ ሳይነጋገሩ ሠርተው ማታ ሲለያዩ ብዙ ያወሩ ያህል ይሰማቸው ነበር። ይህን ለባሏ እንኳ ማስረዳት አቅቷት ትታዋለች።

ሁለት ነገር ከእሱ በደንብ ተምራለች። አንደኛው፣ የሰው ሥራ አይበረበርም። ማሽኖቹን የሚያስተዳድር ሰው የማንንም ፋይል ከፍቶ ማየት ይችላል፤ ስለዚህም አይከፍትም። ሁለተኛው፣ ተራ ተራ ነው።

ጉልበቷን መታመም ከጀመረች በኋላ ሊቀ ወረፋ አንድ አዲስ ንግግር አመጣ። ወረቀቷን ይዛ ልትወርድ ስትነሳ «ይሄ ደረጃ ይገልሻል እታለም፤ አንድ ቀን መላ እፈጥርለታለሁ» ይላታል። እሷም «አንተ ነህ የምትገለኝ» ብላው ትወርዳለች። ለዓመታት በየቀኑ ስለተባለ የሁለቱም የጠዋት ሰላምታ ሆኖ ቀረ።

ከዚያ ታመመ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ወራት ቤቱ ተኝቶ፣ ኮምፒውተሩን ሆዱ ላይ አስቀምጦ፣ ከርቀት እየገባ ሲጎረጉር ከረመ። ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ አረፈ። ረቡዕ ጠዋት እሷ ሳታለቅስ ደረጃውን ወጣች፣ ሳታለቅስ ቆጠረች፣ ወረፋውን ስታይ ግን ከሁሉ በላይ የእሱን ስም፣ ማሽኖቹ ውስጥ የሚገባበትን ያንኑ ቅጽል ስሙን አገኘችው። ሰኞ ማታ አንድ ሥራ አስገብቶ ነበር። የሥራው ስም «ሙከራ» ይላል፤ ሊቀ ወረፋ ከመጀመሪያ ጀምሮ ሥራውን ሁሉ ሙከራ ነበር የሚለው። የጠየቀው ሰባት ቁጥር ማሽንን ብቻ ነው። ሰባት ቁጥር በሌላ ሰው ስሌት ተይዞ ስለነበር ከስሙ ጎን «በመጠባበቅ ላይ» የሚል ተጽፏል።

ሊቀ ወረፋ፣ በመጠባበቅ ላይ። ያንን አንብባ ነው እንባዋ የመጣው።

ሰባት ቁጥርን የያዘው ስሌት ከሰዓት በኋላ ሊያልቅ ነው። ያኔ የእሱ ሥራ ይገባል፣ ይሠራል፣ ያልቃል፣ ስሙም ከዝርዝሩ ይጠፋል። እጇ ከሐሳቧ ቀድሞ ትእዛዝ ጻፈ፤ የያዘው ስሌት ሲያልቅ ሰባት ቁጥር አዲስ ሥራ እንዳይቀበል፣ ብልሽት ተብሎ እንዲመዘገብ። ለጥቂት ቀን ብላ ነበር። ወርዳም ሰሌዳው ላይ «ብልሽት፦ 1፣ ሰባት ቁጥር» ብላ ጻፈች።

ጥቂት ቀኑ ስድስት ዓመት ሆነ።

በእነዚህ ዓመታት ጠዋት ጠዋት ስሙን ታያለች። ሰባት ቁጥርን ብቻ ስለሚፈልግ ሌላው ሰው ሁሉ እያለፈው ይሄዳል፣ እሱ ከላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። አንዳንድ ቀን «እንደምን አደርክ ጋሼ» ትለዋለች። ኃላፊው ሰባት ቁጥር ለምን እንደማይጠገን ሲጠይቃት ዕቃው ከገበያ ጠፍቷል አለችው። ለምን ጨርሶ እንደማይነቀል ሲጠይቃት ደግሞ የኮሪደሩ ፕሪንተር ከሱ በቀር ከሌላ ማሽን ጋር አይግባባም አለችው። ሁለተኛው እውነት ነበር፤ ሊቀ ወረፋ ነው እንዲያ አድርጎ የገጠመው። ሰሌዳው ላይ ሌላውን መስመር በየቀኑ እያጠፋች ስትጽፍ ያቺን የብልሽት መስመር ግን አጥፍታ ስለማታውቅ፣ ጠመኔው እንጨቱ ውስጥ ገብቶ ቀለም መስሏል።

የክላስተሩ የመጨረሻ ሳምንት ደረሰ። ማሽኖቹ አርጅተዋል፣ መብራት ይበላሉ፣ ዓርብ በአሥራ አንድ ሰዓት ይጠፋሉ የሚል ማስታወቂያ ወጣ። ከጥቂት ወራት በኋላ ሩቅ ቦታ ባለ ትልቅ ኮምፒውተር በኪራይ መጠቀም ይጀመራል ተብሏል። ማስታወቂያው ሲወጣ አራቱም ክፍሎች የእግር እሳት ሆነባቸው። የተጀመረው ሁሉ ካልተጨረሰ ተብሎ ማሽኖቹ ጢም አሉ።

ማክሰኞ ጠዋት እትዬ ሰሌዳ ቆጥራ ልትወርድ ስትል የውሃ ክፍሏ ተማሪ ደረጃውን በሩጫ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። ቀጭን፣ መነጽሯን በፕላስተር የጠገነች ልጅ ናት። ከመሬት በታች ያለ ውሃ ወዴት እንደሚሄድ የምታሰላ ሲሆን፣ የሁለት ዓመት ድካሟ አንድ ስሌት ቀርቶታል። አንድ ማሽን፣ ሦስት ቀን ሙሉ። ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንዲያልቅ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ መጀመር አለበት። ካልጀመረ ዓመት ትደግማለች፤ የትምህርት ድጋፏ ደግሞ በዚህ ዓመት ያበቃል። ይህን ሁሉ የተናገረችው ትንፋሿ ሳይመለስ ነው።

እትዬ ሰሌዳ ወረቀቷን አሳየቻት። በሥራ ላይ ሃያ ሦስት፣ ነጻ የለም፣ ብልሽት አንድ። በዚህ ሳምንት ከያዙት ውስጥ ከሐሙስ በፊት የሚለቅ የለም።

ልጅቷ ወረቀቱን አየች፣ ከዚያ ቀና ብላ መደርደሪያዎቹን አየች። ወደ ሰባት ቁጥር ሄዳ እጇን ላዩ ላይ አሳረፈች።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ አረንጓዴ ነው የሚያበራው። ሞቅም ብሏል።»

«መብራቱን አትመኚው» አለች እትዬ ሰሌዳ፣ ዓይኗን በጨው አጥባ። «ውስጡ ሞቷል።»

ልጅቷ አልተከራከረችም። ይቅርታ ጠይቃ ወረደች። ብትከራከር ይሻል ነበር፤ እትዬ ሰሌዳ ከተከራከረ ሰው ጋር መጣላት ትችላለች። «እሺ እትዬ» ብሎ አንገቱን ደፍቶ የሚሄድን ሰው ግን ምን ታደርገዋለች።

ቀኑን ሙሉ ሥራ አልያዝላት አለ። አንዴ አቧራ ያልነበረበትን ጠረገች፣ አንዴ የተጠቀለለ ሽቦ ፈትታ ጠቀለለች። ለራሷ ምክንያት ደረደረች፤ ስንት ተማሪ ዓመት ደግሟል፣ የእሷ ልጅ ራሷ ደግማ የለም ወይ፣ ደግሞስ ሦስት ቀን ለቀረው ነገር ምን ያስቸኩላል። የመጨረሻውን ስታስብ ደነገጠች። ሦስት ቀን። ዓርብ ማሽኖቹ ሲጠፉ ዝርዝሩም ይጠፋል፣ ስሙም ይጠፋል፣ ስድስት ዓመት የጠበቀው ሥራ ተራው ሳይደርሰው ይቀራል። ተራ ተራ ነው ብሎ ያስተማራትን ሰው ከሁሉ አስቀድማ ተራውን የነፈገችው እሷው ሆና አረፈችው። ስሙን ማቆየቷን እንጂ ይህን አንድም ቀን አስባው አታውቅም። አፈረች። በሕይወት ቢኖር ዓይኑን ማየት አትችልም ነበር።

አሥር ሰዓት ሲሆን ወረደችና ተማሪዋን ቤተ መጻሕፍት በር ላይ አገኘቻት። ነይ ብቻ አለቻት።

ስክሪኑ ፊት አስቀመጠቻትና ወረፋውን አሳየቻት። ሰባት ቁጥር እንዳልተበላሸ፣ ተበላሽቶም እንደማያውቅ፣ ይህ ከላይ ያለው ስም የማን እንደሆነ፣ ያን ጠዋት ምን እንዳደረገች ሳትቀንስ ነገረቻት። ስትጨርስ ልጅቷ ስክሪኑን እንጂ እሷን አላየችም።

«ሰው ናቸው ማለት ነው» አለች። «እኛ እኮ የሲስተሙ ስም ይመስለን ነበር። ወረፋ ሲረዝምብን ‹ሊቀ ወረፋ ይኑርልን፣ ከሱ በላይ የጠበቀ የለም› እየተባባልን ነው የምንጽናናው።»

እትዬ ሰሌዳ ሳቀች፣ ሳቁም መሃል ላይ ወደ ሌላ ነገር ሊለወጥ ሲል ዋጠችው። ጉዳዩ አላለቀማ። ሰባት ቁጥርን ብትከፍተው መጀመሪያ የሚገባው የሊቀ ወረፋ ሥራ ነው፤ የእሱ ሙከራዎች ደግሞ አንዳንዴ ሳምንት ይፈጁ ነበር። ፋይሉን ከፍታ ምን ያህል እንደሚፈጅ ማየት ትችላለች፤ የሰው ሥራ ግን አይበረበርም፣ የሞተ ሰው ሲሆን ደግሞ ይብስ። ሌላው አማራጭ ሥራውን ሰርዛ ማሽኑን በቀጥታ ለልጅቷ መስጠት ነው። አንዲት ትእዛዝ ናት። እሱን ልታደርግ እንደመጣች፣ ቀኑን ሙሉም ልቧን ስታደነድን እንደዋለች ነገረቻትና እጇን ወደ ኪቦርዱ ዘረጋች።

ልጅቷ እጇን ያዘቻት።

«ተራቸው ነው እትዬ። እሳቸው ይቅደሙ።»

«ሳምንት ቢፈጅስ?»

ልጅቷ የግድግዳውን ሰዓት አየች፤ አርባ ደቂቃ ቀርቷል። ለአሥራ አንድ አምስት ጉዳይ እስኪሆን እንጠብቃቸው፣ ካልጨረሱ ያኔ እንነጋገራለን አለች። ድምጿ ግን እንደ ቃሏ ደፋር አልነበረም።

እትዬ ሰሌዳ የራሷን ውሸት የሚሽረውን ትእዛዝ ጻፈች። ሰባት ቁጥር ከብልሽት ወጥቶ ነጻ ሆነ። ከሊቀ ወረፋ ስም ጎን «በመጠባበቅ ላይ» የሚለው ጠፍቶ «በሥራ ላይ» የሚል መጣ። ስድስት ዓመት አንድ ዓይነት ሆኖ ያየችው መስመር ተለወጠ። እንደገና ለማየት ትእዛዙን ደግማ ጻፈችው። ስሙ የለም። አልቋል። አራት ሰከንድ ነው የፈጀው።

ወረፋ ከያዙት ውስጥ አንድ ማሽን የሚበቃው የልጅቷ ሥራ ብቻ ነበርና ወዲያው ስሟ ሰባት ቁጥር ላይ ወጣ። ልጅቷ ተነስታ ዘለለች፣ ከዚያ እትዬ ሰሌዳን አየችና ተመልሳ ተቀመጠች፣ ትከሻዋን አቀፈቻት። እትዬ ሰሌዳ አለቀሰች። ለአራት ሰከንድ ሥራ ስድስት ዓመት። ምን እንደነበረም አላወቀችም፤ ውጤት የሚባል ነገር ስክሪኑ ላይ አልወጣም። ሙከራ ነበር፣ ሙከራውም አለፈ ብላ ለራሷ ነግራ ወደ ቤቷ ሄደች።

ረቡዕ ማለዳ ዝናብ ነበር። ጃንጥላዋን አራግፋ እንደ ልማዷ ወደ ደረጃው ስትዞር ዘበኛው ከወንበሩ ብድግ አለ። ፊቱ ልክ አልነበረም። ፕሪንተሩ ማንም ሳይነካው አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በራሱ ተነስቶ ጮኸ፣ እኔም ልሮጥ ትንሽ ነው የቀረኝ አላት። ከዚያም ጣቱን እንዳያቃጥለው እንደሚፈራ ሰው በሁለት ጣቱ የያዘውን ወረቀት ሰጣት።

ቆማ አነበበችው።

ነጻ ማሽን፦ የለም
በሥራ ላይ፦ 24
ብልሽት፦ የለም
በወረፋ፦ 3
እታለም፣ እኔ ቆጥሬያለሁ። ደረጃው ይቅርብሽ፤ ቁጭ በይና ከሰዎቹ ጋር ሻይ ጠጪ።

የዘበኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ያ የአራት ሰከንድ ሥራ የውሃ ስሌትም የሌላ ጥናትም አልነበረም። ሰባት ቁጥር በየማለዳው ተነስቶ ማሽኖቹን እንዲቆጥርና ቁጥሩን እሱ ብቻ ወደሚግባባው ፕሪንተር እንዲልክ የሚያዝ ነበር። መላ እፈጥርለታለሁ ያለው ሰው ሞቱ አፋፍ ላይ ሆኖ መላውን ፈጥሮ ነበር። ከሞተ በማግስቱ ሊደርሳት የነበረውን እሷ በገዛ እጇ በር ዘጋችበት፤ ስሙ እንዳይጠፋባት ብላ። ከዚያ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ በዝናብ በፀሐይ፣ በሚያምም ጉልበቷ ወጥታ ወረደች። አንድ ቀን፣ አንዲት ከሰዓት ብትተወው ኖሮ በየማለዳው እታለም ይላት ነበር። በራሷ ተናደደች፣ ናፈቀችው፣ ሳቀችም፤ ሦስቱም በአንድ ጊዜ መጡባት።

ዘበኛው ምን ሆነሽ ነው፣ ሰው ሞተ ወይ አላት።

«የለም» አለችው። «ሻይ አለህ?»

ሻዩን ስትጠጣ ሰዎች መግባት ጀመሩ። እትዬ ሰሌዳን ተቀምጣ ያያት ሁሉ ታመመች ብሎ ይደነግጣል። ደህና ነኝ፣ ጋሼ ቆጥሮልኛል እያለች ወረቀቱን አሳየቻቸው። ሊቀ ወረፋን የሚያውቁት አሮጌዎቹ አስተማሪዎች ወረቀቱን እየተቀባበሉ አነበቡት፤ ያ ሰባት ማሽን የወሰደው የመንገድ ክፍሉ አስተማሪ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። የሰባት ቁጥርን ነገር ደብቃ ልትተወው አልፈለገችም። እውነቱን ለሁሉም ነገረቻቸው። የተቆጣም አልጠፋም፤ የሰብል ክፍሉ ሰው ያቺ አንዲት ማሽን ብትኖር ስንት ነገር ያልቅ ነበር ብሎ አጉረመረመ፣ ልክ ነህ አለችው። ከዚያ እርጥብ ጨርቅ ይዛ ተነስታ ያቺን የብልሽት መስመር ፈገፈገች። ቶሎ አልለቀቀም። ሦስት ጊዜ ጨርቁን አጥባ መመለስ ነበረባት።

ሐሙስም ወረቀቱ መጣ፣ ዓርብም መጣ። ሦስት ወረቀት። እሷ ሦስቱንም አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ዓርብ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ የተማሪዋ ስሌት አለቀ። ልጅቷ ፋይሏን ሁለት ቦታ ገልብጣ፣ ሦስተኛ ቦታም ጨምራ፣ ከዚያ ማሽኖቹን የሚያጠፉ እጆች ያስፈልጋሉ ብላ እትዬ ሰሌዳን ደግፋት ደረጃውን ይዘው ወጡ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ እትዬ ሰሌዳ ቆመች። መስኮቱን አላየችም። «ደከመኝ» አለችና ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አረፈች።

ላይ ደርሳ ያቺን አጭር ትእዛዝ ለመጨረሻ ጊዜ ጻፈች። ሃያ አራቱም ነጻ ነበሩ። ወረፋው ባዶ ነበር። ከአንድ ቁጥር ጀምረው አጠፏቸው፤ ሰባት ቁጥር ጋር ሲደርሱ ዘለሉት፣ መጨረሻ ላይ ተመልሰው መጡ። እትዬ ሰሌዳ ቁልፉን ተጭና እጇን ላዩ ላይ አሳርፋ ቆየች። ክፍሉ ጩኸቱ ሲቆም ጠበብ ያለ መሰላት። ከዚያ በሩን ቆልፋ ወረደች፣ ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር አጸዳችና ጠመኔ አነሳች።

ተማሪዋና ዘበኛው ከኋላዋ ቆመው አነበቡ፦

ነጻ ማሽን፦ 24
ብልሽት፦ የለም
በወረፋ፦ የለም፤ ሁሉም ተራው ደርሶታል።